ዛሬስ አልዘገየሁም

ከእሑድ ወዲህ ማጥፊያ ቁጭ ማለት አልቻለም። ይቀመጣል፤ ወንበሩ ሳይሞቅ ይነሳል። በሩ ድረስ ሄዶ ይከፍታል፤ ውጭውን ያያል፤ የሚያየው ነገር እንደሌለ ሲገባው ዘግቶ ይመለሳል። ሬዲዮ ይከፍታል፤ ዜና አንባቢው እንደምን አደራችሁ ብሎ ሳይጨርስ ይዘጋበታል። ሚስቱ ሰኞን ታገሰች፤ ማክሰኞንም እንደ ምንም ታገሰች፤ ረቡዕ ጠዋት ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የምትቀመጠው? ወይ ውጣ ወይ ግባ!»

«በሩ ይጮኻል። ዘይት ልቀባው ብዬ ነው።»

«ትናንት ቀብተኸዋል። ከትናንት ወዲያም ቀብተኸዋል። የምግቡን ዘይት በር ጠጥቶ ጨረሰው እኮ!»

እውነቱን ልንገራት ቢል ከየት ይጀምራል? አሥራ ሁለት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘው ነገር ነው፤ ሆድ ደግሞ አልፈጀውም።

ማጥፊያ ትክክለኛ ስሙ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት በቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ሲያበራና ሲያጠፋ ነው የኖረው። ማብሪያ ቢሉት ምን ነበረበት? ግን ሰው ቅጽል ስም ሲያወጣ ደጉን ትቶ ክፉውን ይመርጣል፤ ማጥፊያ ተባለ፣ ዕድሜው ሲገፋ ጋሽ ማጥፊያ ተባለ፣ በዚያው ጸና።

በዚያ ፋብሪካ አንድ ሕግ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ያልተጻፈ፣ ከተጻፉት ሁሉ ግን የሚከበር። ቆርቆሮ ወደሚዳምጠው ማሽን፣ ወደ መዳመጫው፣ ሊጠርግም ይሁን ሊቀባ የሚገባ ሰው አስቀድሞ አዳራሹ መሀል ያለውን የብረት ምሰሶ በመፍቻ ሦስት ጊዜ ይመታል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ማጥፊያ ሦስቱን ሲሰማ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ያኔ በአዳራሹ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ምንም ነገር እንዳልነካ ለማሳየት ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ማጥፊያ «ማን ገባ?» ብሎ ይጣራል፤ የገባው ሰው «እኔ ነኝ» ይላል። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ኤሌክትሪኩ ይለቀቃል። አለቀ። ከዚህ የቀለለ ሕግ የለም፤ ለዚህም ነው ሰው ነፍሱን አስይዞበት ሲገባ የኖረው።

ፋብሪካው ከተዘጋ አምስት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው እሑድ ከሰዓት ግን ለአንድ ቀን ተከፈተ፤ ያውም ለዘፈን። ማጥፊያ እርግጥ ነገሩን ዘፈን ለማለት ይተናነቀዋል። ዝገት የሚባል ባንድ ነው፤ አራት ወጣቶች ናቸው። ጊታራቸው ብረት እንደሚቆርጥ ዲስክ ይጮኻል፣ በርሜል ይደበድባሉ፣ ሰንሰለት ይጎትታሉ፣ ድምፃዊው ደግሞ ሰው የሰረቀው ይመስል ያገሣል። ስሙም ጉሮሮ ነው። «ይሄ እኮ ኢንደስትሪያል ሜታል ነው የሚባለው አባዬ» ብላ ሴት ልጁ ስታስረዳው «ታዲያ እኛ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስንዘፍን ነበራ፣ ሳናውቀው!» ብሏታል።

ሴት ልጁ የባንዱ የድምፅ ባለሙያ ናት። ዝገት የመጀመሪያ አልበሙን ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን ሕዝብ ፊት፣ በዚያው በቆርቆሮ ፋብሪካው አዳራሽ፣ በቀጥታ ለመቅዳት ወሰነ፤ ሐሳቡም የእሷ ነበር። ሰኞ አፍራሾች ይገባሉ ስለተባለ ዕድሉ አንድ ብቻ ነው። ያን ያረጀ የኤሌክትሪክ ሳጥን ለመንካት የደፈረ ባለሙያ ስላልተገኘ አባቷን ለመነችው። ማጥፊያም የድሮ ቱታውን አሳጥቦ፣ አስተኩሶ፣ እንደ ሙሽራ ለብሶ ሄደ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት ጥቁር የለበሱ ወጣቶች፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ሃያ የሚሆኑ የድሮ ሠራተኞች ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ጥጥ ወትፈው፣ ግን ደግሞ አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። ስድስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮ መቺው ከበሮውን ትቶ ተነሳ፤ መፍቻ አንስቶ ወደዚያው ወደ ጥንቱ ምሰሶ ሄደ፤ ጊታሮቹ ትንፋሽ ሲወስዱ ጠብቆ መታው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ማጥፊያ አላሰበም። ሃያ ስድስት ዓመት የለመደ እጅ ባለቤቱን አያማክርም። እጀታውን ቁልቁል ሳበው።

ጊታሩ ጸጥ አለ። ስፒከሩ ጸጥ አለ። የጉሮሮ ግሣት ያለ ማጉያ ሲቀር የጉንፋን ሳል መሰለ። ከጣሪያው ቀዳዳ በሚገባው የከሰዓት ብርሃን፣ ከኋላ የቆሙት ሽማግሌዎች፣ ሳይነጋገሩ፣ ሁሉም ሁለት ሁለት እጃቸውን አነሱ። ወጣቶቹ ዞረው አዩዋቸውና የዘፈኑ ሥርዓት መስሏቸው እነሱም አነሱ። ሦስት መቶ ሰው እጁን አንስቶ ቆመ። ማጥፊያ «ማን ገባ?» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። እንደገና ሊጣራ አፉን ከፈተና የት እንዳለ ትዝ አለው፤ አፈረ፤ ግንባሩን የሳጥኑ በር ላይ አስደገፈ፤ ያኔ ነው ያቺን ነገር ያላት። ለማንም ሰው አይደለም፤ ለሞተ ሰው ነው፣ በሹክሹክታ።

«ዛሬስ አልዘገየሁም፣ ግራሶ።»

ሴት ልጁ እየሮጠች መጥታ «አባዬ፣ አብራው! አብራው እንጂ!» ስትለው አበራ። ጉሮሮ በንዴት ይሁን በድንጋጤ ከመጀመሪያው በሦስት እጥፍ እያገሣ ቀጠለ፤ ሕዝቡ አበደ፤ ሰዓቱ እንዲሁ አለፈ።

አሁን ግራሶ ማን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። የመዳመጫው ቀቢ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በማሽን ቅባት ተለውሶ ስለሚውል ነው ስሙ የወጣለት። ቀልደኛ፣ ለሰው አዛኝ፣ ምሳውን ሳያካፍል የማይበላ ሰው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን መዳመጫው ለጥቂት ጊዜ ሥራ ፈትቶ በቆመበት ሊቀባው ገባ። ኤሌክትሪኩ አልተቆረጠም ነበርና በወዲያ በኩል ያለው ሠራተኛ፣ ሰው መኖሩን ሳያውቅ፣ ማሽኑን አስነሳው። ግራሶ በሕይወት አልወጣም። አጣሪዎቹ የጻፉት ወረቀት «ሟች ምልክት ሳይመታ በመግባቱ» ይላል። ከሥሩ ምስክር ሆኖ የፈረመው ማጥፊያ ነው፤ «ምንም ምት አልሰማሁም» ብሎ።

ሰምቷል። ሦስቱንም ሰምቷል። የዘገየው እሱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል በሰማ ቁጥር ሰበብ ፈልጎ ከዚያ ቤት ይወጣል።

እሑድ ምሰሶውን በመፍቻ የመታው ከበሮ መቺ ደግሞ የግራሶ ልጅ ነው። በሥራው በያጅ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ሲሞት አሥራ ሦስት ነበር።

ይህም ሁሉ ሆኖ ነገሩ በሹክሹክታ በቀረ ነበር። እሑድ ራት ላይ ግን ሴት ልጁ በደስታ ሰክራ ስታወራ «አሥራ ስድስቱም ማይክ ሠርቷል! መቅጃው በራሱ ባትሪ ስለነበር መብራት ሲጠፋ እንኳ አላቋረጠም! ያንተ ሳጥን በር ላይ የለጠፍኳት ማይክ ሳትቀር!» አለች።

የማጥፊያ እጅ ሰሃኑ ላይ ቀረ። ማይኳን ረስቷታል። የትራንስፎርመሩን ጉርምርምታ እንድትይዝላት ራሷ ነበረች በፕላስተር የለጠፈቻት፤ ከአፉ አንድ ስንዝር አትርቅም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ብለዋል የቀደሙት፤ ከአፍ ወጥቶ ማይክ ውስጥ ከገባ ምን እንደሚባል ግን አልነገሩንም።

ሦስት ቀን ሙሉ የበላው አንድ ፊደል ነው። «ዛሬ አልዘገየሁም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ማን ምን ይላል? ሽማግሌ በሥራው ኮራ፣ አለቀ። እሱ ግን «ዛሬስ» አለ። ያቺ «ስ» ብቻዋን አትመጣም፤ ሌላ ቀን ጎትታ ነው የምትመጣው። ሕፃን ልጅ ጠዋት ተነስቶ «ዛሬስ አልሸናሁም» ካለ ትናንት ምን እንዳደረገ ፍራሹን ማየት አያስፈልግም። ከኋላዋ ደግሞ የግራሶ ስም አለ። ልጁ ይሰማዋል። የግራሶ ሚስት ትሰማዋለች። ሺህ ሰው ይሰማዋል፤ ገዝቶ ይሰማዋል!

እናም ረቡዕ ጠዋት የበሩን መታጠፊያ ለሦስተኛ ጊዜ ሊቀባ ሲል ዘይቱን አስቀመጠና ወሰነ። ስቱዲዮ ሄዶ ያቺን አንዲት ፊደል ያስቆርጣል። ሴት ልጁ ሳል ትቆርጣለች፣ ፉጨት ትቆርጣለች፤ አንድ ጊዜ ጉሮሮ በግጥሙ መሀል ያስነጠሰውን ቆርጣ ጥላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ አድርጋ አሰምታዋለች። አንዲት «ስ» ምን ያቅታታል? ለምን ብላ ከጠየቀችው ደግሞ «አነጋገሬ አላማረኝም» ይላል። አውቶቡስ ውስጥ ይህን መልስ ሲለማመድ ከወንበሩ ተነስቶ ለአንድ ጎረምሳ ለቀቀለት። ጎረምሳው ደንግጦ «ኧረ ይቀመጡ አባት!» ቢለው «ተወኝ ልጄ፣ መቀመጥ አልቻልኩም» አለና ሦስት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግሩ ሄደ።

ስቱዲዮው ከአንድ ጎሚስታ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከታች ጎማ የሚነፋው ኮምፕሬሰር ሲነሳ ወለሉ ይርገበገባል፤ ሴት ልጁ ሥራዋን አቁማ እስኪያበቃ ትጠብቃለች። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተሸፍኗል፤ ወለሉ ላይ ሽቦ እንደ ሐረግ ተጠላልፏል። ማጥፊያ ደረጃውን ወጥቶ በሩን ሲገፋ፣ ያልጠበቀው ሰው ውስጥ ተቀምጧል። በያጁ፣ የግራሶ ልጅ ነው። የምሳ ሰዓቱን ይዞ፣ ከነቱታው፣ መከላከያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጥቷል። ማጥፊያን ሲያይ ብድግ አለ።

«ጋሼ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። መቆም ነው የሚሻለኝ።»

«አባዬ፣ ምነው በሰላም?» አለች ልጁ።

«በሰላም ነው። እንዲያው ልጆቹን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ። ዘፈናችሁን አበላሸሁት።»

«ያበላሸኸውማ የጉሮሮን ስሜት ነው። ‹ዝምታውን ቁረጪና ሁለቱን ግማሽ ግጠሚው፣ አርባ ሰከንድ ባዶ ነገር ማን ይሰማል› ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ሲጨቀጭቀኝ ነበር። እኔ አልቆርጥም። በቀጥታ ተቀዳ ከተባለ የሆነው ነገር ሁሉ ይኖርበታል፤ ካልሆነ ለምን ተለፋ? ና ስማው።»

ከፈተችው። አዳራሹ ከነሙቀቱ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገባ። ማጥፊያ ሳያስበው ጆሮው ቆመ። ከጊታሮቹ ሥር አንድ የሚያውቀው ድምፅ አለ።

«ቆይ፣ ይሄ ሁለተኛው ሞተር አይደለም እንዴ?»

«ነው። ለወፍጮ ቤት ተሽጧል፤ ባለፈው ወር እዚያ ሄደን ቀድተነው፣ ዘፈኑ ውስጥ ከተትነው።»

«ኩሽኔታው ቅባት አጥቶ ደርቋል። ይሰማችኋል? ይሄ ሺ፣ ሺ የሚለው። በዚህ አኳኋን ሁለት ሳምንት አይሠራም።»

በያጁ ከት ብሎ ሳቀ። «እኛ እኮ ከሁሉ በላይ የወደድነው እሱን ነው ጋሼ።» አባቱ ሲስቅ እንዲህ ነበር፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ። ማጥፊያ ፊቱን ወደ እስክሪኑ አዞረ።

እስክሪኑ ላይ አሥራ ስድስት መስመር ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ የአንድ ማይክ ነው። ሁሉም ጠጉራም ትል መስሎ ይሄድ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይከሳል። ልጁ በጣቷ አሳየችው። «ይሄ አንተ ያጠፋህበት ነው። እነዚህ ሁለቱ የሕዝቡ ማይኮች ናቸው፤ ዝምታውን በደንብ ይዘውታል፤ ‹ማን ገባ› ያልከውም ከሩቅ ይሰማል፣ ያምራል። ይቺ የመጨረሻዋ ያንተ ሳጥን ናት። ከፍቼ አልሰማኋትም። ጉርምርምታ ብቻ ስለሆነች እጥላታለሁ፤ ቦታ ነው የምትይዘው።»

«ትጥያታለሽ?»

«አሁን ነው የምጥላት።»

ማጥፊያ ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ አስገባ። ለዚህ ነበር እንዴ ሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣው? ያም «ስ»፣ ያም ግራሶ፣ ያም ሹክሹክታ ማንም ሳይሰማው ሊጣል ነው። አፉን ዘግቶ መቆም ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ እሱን ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሠልጥኖበታል። እንዲያውም በያጁ የለቀቀለት ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ እኔም እርስዎን ይቅርታ ልጠይቅ እፈልጋለሁ» አለ በያጁ።

«እኔን? ስለ ምን?»

«ምልክቱን መጫወቻ ማድረግ አልነበረብኝም። አስደነገጥኩዎት። እነዚያ ሽማግሌዎች እጃቸውን ሲያነሱ ሳይ እኔ ራሴ ደነገጥኩ።» መፍቻ የያዘ ይመስል ባዶ እጁን ያገላብጣል። «ግን ለዘፈን ብዬ አልነበረም። እንዴት ብዬ ልንገርዎት... እናቴ እስከ ዛሬ ‹አባትህ ሳይመታ አይገባም› ትላለች። ጎረቤት ሰለቻት፣ ዘመድ ሰለቻት፣ እሷ አልሰለቻትም። እኔ ግን ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። ሳይመታ ገባ ይላል። ሦስት ምት ጋሼ! ሦስት ምት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ለሦስት ምት ሰንፎ ጥሎን ሄደ እያልኩ ነው ያደግሁት። ሳስበው እስከ አሁን ያናድደኛል። መቃብሩ ጋ ሰው ሲሄድ እኔ አልሄድም። እና አዳራሹ ሊፈርስ ነው ሲሉኝ፣ ሳይፈርስ አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ልምታለት ብዬ ነው።»

ማጥፊያ ተነሳ።

«ልትሄድ ነው?» አለች ልጁ። ጣቷ የመጣያው ቁልፍ ላይ ነበር።

መሄድ ይችል ነበር። ደረጃው አሥራ አራት ነው፤ ከዚያ መንገዱ ነው፤ ከዚያ ቤቱ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ያ በር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላሉ፤ እሱ ደግሞ የገዛ ማሳውን አይደለም አለባብሶ ያረሰው፣ የሌላ ሰው ልጅ ልብ ነው። ሰነፍ። ግራሶን፣ ያን ሰው፣ ሰነፍ! ያውም የገዛ ልጁ!

«አትጣያት» አለ። «ክፈቻት።»

«ጉርምርምታ እኮ ናት አባዬ።»

«ክፈቻት አልኩሽ።»

ሌሎቹን መስመሮች ዘግታ እሷን ብቻ ከፈተች። የትራንስፎርመሩ እምም የሚል ድምፅ ተሰማ። ከሩቅ ሦስቱ ምት፤ ወዲያው የእጀታው ቋ ማለት፤ እምምታው ቆመ። «ማን ገባ?» ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ትንፋሽ፤ የሽማግሌ፣ የሚቆራረጥ ትንፋሽ። ከዚያ ያቺ ነገር።

«ዛሬስ አልዘገየሁም፣ ግራሶ።»

«ውይ አባዬ!» አለች ልጁ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ግራሶን አስታውሰህ ነው? ይሄማ አይጣልም።»

በያጁ ግን መነጽሩን ከግንባሩ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያቺን ቃል በአፉ ደጋገማት።

«ዛሬስ ማለት ምን ማለት ነው ጋሼ?»

«ልጄ...»

«ዛሬስ ያሉት ከመቼው ጋር አስተያይተው ነው?»

ማጥፊያ በመንገድ የተለማመደው መልስ ነበረው። አነጋገሬ አላማረኝም የሚለው። ከዚያ ሁሉ ልምምድ አንድ ቃል አልመጣለትም።

«አባትህ መትቷል» አለ። «ሦስቱንም መትቷል። ሰምቻለሁ።»

ልጁ ወንበሯን አዙራ አባቷን አየችው።

«በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ በከንቱ አጥፍቼ ነበር። አንዴ አንዱ ብረት ጥሎ፣ አንዴ ሌላው እየቀለደ ምሰሶውን መትቶ። የሺፍቱ አለቃ ጠርቶኝ ‹ከአሁን በኋላ ሦስት ብትሰማም ወዲያው አታጥፋ፤ እስከ አሥር ቁጠር፤ ከተደገመ አጥፋ፤ ካልተደገመ ተወው› አለኝ። ለሠራተኛው ግን የነገረው የለም። እኔም አልነገርኩም። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ። አባትህ መታ፤ መዳመጫው ቆሞ ነበርና አጥፍቷል ብሎ አምኖኝ ገባ።»

«ቆጠርክ?»

ቆጠሩ አላለም። ቆጠርክ ነው ያለው። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እርስዎ ሲለው ኖሮ፣ አሁን ባንድ ቃል ከዚያ ላይ አወረደው። ማጥፊያ ሰማው፤ አልከፋውም። እንዲያውም ትክክለኛ መጠሪያው እሱ እንደሆነ ነው የተሰማው።

«ቆጠርኩ።»

«ስንት ላይ ደርሰህ ነበር?»

«ስምንት ላይ መዳመጫው ተነሳ። ዘጠኝ ላይ አጠፋሁት። አጣሪዎቹ ሲመጡ አለቃው እንዲህ አላዘዝኩም አለ። ፈራሁ። ሚስት አለችኝ፣ ይቺን ልጅ አስተምራለሁ አልኩ። አልሰማሁም ብዬ ፈረምኩ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ የምልበት አፍ የለኝም። አባትህ ግን ሰነፍ አልነበረም። ሰነፍ አትበለው።»

በያጁ ተነስቶ ግድግዳው ጋ ሄደና ግንባሩን የእንቁላል ካርቶኑ ላይ አሳረፈ። የሚመታው ይሆናል ብሎ ማጥፊያ ቆሞ ጠበቀ፤ ቢመታው ደስ ባለው። ልጁ «አባዬ» አለች። አፏን በእጇ ሸፍና፣ አባቷ ፊት ላይ የማታውቀው ሰው እንደተቀመጠ ዓይነት አየችው። ከሁሉ ያመመው ይሄ ነበር።

«አትቁረጪያት» አላት። «ጉሮሮም ምንም ቢል፣ እንዳለች ትግባ። አንዲት ፊደል እንዳትነኪ።»

በያጁ ሲዞር ፊቱ መንገድ የጠፋበት ሰው ፊት ነበር። ስልኩን ከቱታው ኪስ አወጣና ቁጥር ነካ። ሲጠራ ለሁሉም ይሰማል። ተነሳ።

«ወዬ ልጄ» አለች ሴት።

«እማዬ፣ እንዳትዘጊው» አለ። ከዚያ ስልኩን ወደ ማጥፊያ ዘረጋ። «አንተ ንገራት።»

ማጥፊያ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ሄሎ» አለ።

«ማን ልበል? ልጄ ምን ሆነ?» ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ። አንድ ጊዜ ከሥራ ቦታ ተደውሎላት ያውቃል።

«ልጅሽ ደህና ነው። አጠገቤ ነው። እኔ ነኝ፣ ማጥፊያ።»

«አንተ ነህ እንዴ? ውይ፣ አስደነገጥከኝ እኮ! ደህና ነህ ወይ ወንድሜ?»

«ደህና ነኝ።»

«ባለቤትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ጉልበትህስ? ያመኛል ስትል ነበር።»

«ተሽሎኛል።» ጥያቄዋ በዛበት፤ ደግሞም እንዳያልቅ ፈለገ። እሷ ግን ጨረሰች፤ የሚጠየቅ ሰው አለቀባት፤ ተራው የእሱ ሆነ።

«ባለቤትሽ ያን ቀን መትቶ ነው የገባው» አለ። «ሦስቱንም። እኔ ሰምቼ ነበር። ዘግይቼ አጠፋሁት። አልሰማሁም ብዬ ደግሞ ፈረምኩ።»

ከስልኩ ውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ዕቃ እያጠበች ኖሯል። ቧንቧው ተዘጋ። ወንበር ተጎተተ። ማጥፊያ ስድቡን ጠበቀ፣ እርግማኑን ጠበቀ፣ ስልኩ ጆሮው ላይ እስኪዘጋ ጠበቀ።

«ድገምልኝ» አለችው።

ደገመላት።